አራት የጭቃ ጎማ

ባለፈው ሰሞን ከሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ባለመኪና ያመጣውን አዲስ ጎማ ከላስቲኩ ፈትቶ አጠገቤ ጣለው። ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ፤ ናፍጣ ናፍጣ የሚል፣ ደግሞም እንደ አዲስ ደብተር ሆድ የሚያባባ ሽታ። ቁጭ ብዬ ነበር፣ ተነሥቼ መንጎራደድ ጀመርኩ። ጎሚስታው ቀና ብሎ «ቸኮሉ እንዴ፣ እትዬ?» አለኝ። እኔ መቼ ሳልቸኩል አውቃለሁ። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «አንቺ እኮ አዋላጇን እንኳ ሳትጠብቂ ነው የመጣሽ» ትለኝ ነበር። የዚያን ዕለት ግን የሚያስቸኩል ጉዳይ አልነበረኝም። ሽታው ይዞኝ የሄደው ወደ ሮብ ገበያ ነው፤ አራት ትንንሽ ጎማ ለመምረጥ ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ ወደተቁነጠነጥኩበት ዘመን።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ቤታችን ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያሻቅበው መንገድ ላይ ነው። አባታችን ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈ በቤቱ ውስጥ እናቴ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበርን። ወንድሜ ዲማ ገዳም ቅኔ ሲማር የኖረ ሰው ነው። መምህሩ «ይኼስ ይዘልቃል» ብለውለት ነበር አሉ። ለፋሲካ ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ ጎረቤቶቻችን ባሕር ዛፍ ሲቆርጡ ላግዝ ብሎ ወጣ፤ ዛፉ ዞሮ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ወጌሻውም ሐኪሙም የቻሉትን አደረጉ። አጥንቱ ገጠመ፣ ጉልበቱ ግን ዳግመኛ አልታጠፍ አለ።

በበጋ በምርኩዝ እየተደገፈ ቀስ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ግን አለቀለት። በቤታችንና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ያለው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ደህና እግር ያለውን ሰው እንኳ ጫማውን አስወልቆ የሚያስቀር። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንድሜ ታዛው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን እንደ ሞፈር ዘርግቶ፣ ማኅሌቱን ከሩቅ ይሰማል። ከበሮው ይደርሰዋል፣ ቃሉ አይደርሰውም። ሲብስበት በምርኩዙ መሬቱን ይቆረቁራል። ታዛችን ሥር ያለው መሬት ወፍ የለቀመው ይመስል ነበር።

«በቅሎ አልነበራችሁም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ነበረችን። ግን እሱን በቅሎ ላይ ለማውጣት ሁለት ጎረምሳ ያስፈልጋል፣ ለማውረድም እንደዚያው። «እንደ ገብስ ጆንያ አልጫንም» ብሎ እንቢ አለ። ሰው እንዲነካው አይወድም ነበር። የሚቀበለው የእኔን ትከሻ ብቻ ነው፤ ምናልባት እየተነጫነጭኩ ስለምደግፈው ይሆናል። የሚያዝኑለት ሰዎች ያቃጥሉት ነበር።

ስለዚህ እኔም ታሰርኩ። የመምህራን ማሰልጠኛ ደርሶኝ ነበር፤ «ለከርሞ ይቆየኝ» ብዬ ቀረሁ። እናቴን እርጅና ተጫጭኗታል፣ እሱን የሚያነሣው የሚያስቀምጠው ማነው? እሱን ጉልበቱ ቤት አዋለው፣ እኔን ደግሞ የእሱ ጉልበት። ታዛው ሥር ሁለታችንም ስንቁነጠነጥ እናቴ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለናለች። ወንድሜ ደግሞ «እሱስ ቢሆን እግር አብቅሎ አይደል» ይላታል።

ሞተሩ የመጣው እንዲህ ነው። የጮቄን አፈር የሚያጠና አንድ ባለሙያ ጓዳችንን ተከራይቶ አብሮን ኖሮ ነበር። ሥራው አልቆ ሲሄድ፣ ከማሳ ማሳ ይዞርበት የነበረውን ትንሽ ባለ አራት ጎማ ሞተር ለወንድሜ ተወለት። ከአህያ ብዙም አይበልጥም፤ መሪው እንደ ሞተር ብስክሌት ነው፣ ከፊቱ ዕቃ መጫኛ ብረት አለው። ወንድሜ የማይታጠፈውን እግሩን እዚያ ብረት ላይ ዘርግቶ ሲሞክረው ልክ ሆነ። ከዚያ ቀና ብሎ «እግሬ በቅሎ መጣልኝ» አለ። የቅኔ ሰው መቼም አንድን ነገር በአንድ በኩል አይናገረውም። እግሬ እንደ ቡቃያ በቀለልኝ ማለቱም ነው፣ እግር የምትሆነኝ በቅሎ መጣችልኝ ማለቱም ነው። እናቴ «አቤት የዚህ ልጅ ምላስ» ብላ እንባዋን ጠረገች።

ግንቦትን ሙሉ ደረቅ መሬት ላይ ለመደው። ሲወጣና ሲወርድ የእኔ ትከሻ ይበቃው ነበር። የማይታጠፈውን እግር በመቀመጫው ላይ ማሻገር ነበር ችግሩ፤ እኔ ጎኑ ቆሜ ትከሻዬን እሰጠዋለሁ፣ እሱ ተደግፎ ያሻግረዋል። ከተቀመጠ በኋላ ግን ማንንም አይፈልግም። እኔም ማታ ማታ ማሰልጠኛውን ማለም ጀመርኩ።

የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ በጣለ ማግስት ሜዳው መሀል ገብቶ ቆመ። ጎማው ካለቀ ቆይቷል፣ ጥርስ የሚባል አልቀረውም። ዋልካው ላይ ባለበት እየዞረ ጭቃ ይረጫል እንጂ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ በጥማድ በሬ አስጎተትነው። ወንድሜ እላዩ ላይ እንደተቀመጠ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ነበር። ቤት ስንደርስ ትከሻዬን ይዞ ወረደና «ዘንድሮ ለፍልሰታ ካልተቀኘሁ ቅኔው ሆዴ ውስጥ ይሻግታል» አለኝ። ፍልሰታ ነሐሴ መባቻ ላይ ይገባል፤ የአካባቢው ሊቃውንት ሁሉ እዚያች ቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰቡበት ጊዜ ነው። ከአደጋው ወዲህ ወንድሜ አንድም ፍልሰታ አልደረሰም ነበር።

እኛ አገር ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ማለት የአክስቴ ልጅ ነው፤ ድንች ጭኖ የሚመላለስ የአይሱዙ ሹፌር። የእጅ ስልክ ገብቷል፣ ኔትወርኩ የሚገኘው ግን ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር በቃሌ ይዤ በዝናብ ወጣሁና ደወልኩ።

«አራት የጭቃ ጎማ ግዛልን» ብዬ ጮኽኩ።

«የምን?»

«የጭቃ ጎማ። ሁለቱ አሥራ ዘጠኝ፣ ሁለቱ አሥራ ስምንት።»

«ሠላሳ ስምንት?»

ነፋሱ ያፏጫል፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዟል። «አዎ፣ አዎ፣ ስምንት» አልኩት።

«በቃ ገባኝ። በዚህ ክረምትማ ያስፈልጋችኋል» አለና ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት ልንገርሽ። አይሱዙ ሲያጓራ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ወደ መንገዱ እሮጣለሁ። ሊጥ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምሬአለሁ፣ እሳት ላይ የጣድኩት ድንች እስኪያር ረስቼአለሁ። ወንድሜ ሲያየኝ «ጎማው የሚገጠመው ለሞተሩ ነው ወይስ ላንቺ?» ይለኛል። ሐምሌ ገብቶ አጋመሰ። አንድ ረቡዕ ገበያ ውዬ ስመለስ የአክስቴ ልጅ ከመንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁትና ከመኪናው ላይ አንድ ማዳበሪያ ወረወረልኝ። ቀለለኝ። አራት ጎማ እንዲህ አይቀልም።

ማዳበሪያው ውስጥ ሁለት ጥንድ የጎማ ቦቲ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ያልሽኝ ነዋ። የጭቃ ጎማ፤ ሠላሳ ዘጠኙ ላንቺ፣ ሠላሳ ስምንቱ ለአክስቴ። አራት ማለትሽ ብቻ ነው የገረመኝ፤ ሰው ጫማ በጥንድ አይደል የሚቆጥረው?»

 ጎማ ጫማም ነው፣ የመኪና እግርም ነው፣ ቋንቋው አንዱን ከአንዱ አልለየልኝም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። እሱ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ጭነቱ ወደ ሌላ አገር ስለሆነ አዲስ አበባ የሚመለሰው ከፍልሰታ በኋላ ነበር። ወንድሜ ቦቲዎቹን ሲያይ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ እስኪያርፍ ድረስ፣ በስልክ ስናወራ «ቁጥርሽ ስንት ነበር?» ብሎ ሳያሾፍብኝ ዘግቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። «እግር ለሌለው ጫማ መጣለት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሁለት ቀን ወደ ታዛው አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠራኝና «እስቲ እነዚያን ቦቲዎች አምጪያቸው» አለኝ። ሶላቸውን ገልብጦ አየ። የአንደኛው ጥንድ ሶል ጥርሱ ደቃቅና የተጠጋጋ ነው። የሁለተኛው ጥርሱ ረጃጅም ሆኖ የተራራቀ ነው። «ከየጥንዱ አንዳንድ አድርጊና ሜዳው ውስጥ ግቢ» አለ።

እብድ መሰለኝ። ግን በቀኝ እግሬ ደቃቁን፣ በግራ እግሬ ሻካራውን አጥልቄ ገባሁ። ዝናቡ ያካፋል። እሱ ከታዛው ሥር ሆኖ ያዝዘኛል። «ሂጂ። ቁሚ። አሁን አንሺው። አታራግፊው፣ ዝም ብለሽ አንሺው።» ቀኙ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይቆነጥጥ ነበር። ጥቂት እንደሄድኩ ግን ዋልካው በጥርሶቹ መካከል ተጠቅጥቆ ሞላ፤ ሶሉ ልሙጥ ሆነ፣ ጭቃ በጭቃ ላይ እየደረበ እግሬ ድፎ ዳቦ አከለ። ግራው ጠለቅ ብሎ ይገባል፤ ሳነሣው ግን ጭቃው በራሱ ጊዜ ዱብ ይላል። አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ሲልብኝ ማንከስ ጀመርኩ። ወደ ወፍጮ የምትሄድ ጎረቤታችን ቆማ አየችኝና እናቴን «ምነው፣ ልጅቱንም ጀመራት እንዴ?» አለቻት።

«በሬ ነኝ እንዴ የምታርስብኝ?» ብዬ ጮኽኩበት።

«በሬማ አያማርርም» አለኝ።

ዝናብ በጣለ ቁጥር ሜዳው ውስጥ ነበርኩ። ዳገቱንም አስወጣኝ፣ ቁልቁለቱንም አስወረደኝ። እግሬ ማበጡ ትዝ ይለኛል፤ የእሱ ዓይንም ትዝ ይለኛል። ከእግሬ ላይ አይነቀልም ነበር። ከአደጋው ወዲህ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። በመጨረሻ «ገባኝ» አለ። «ዋልካን ያዘኝ አይሉትም፣ ልቀቀኝ ነው የሚሉት። የሚይዝ ጎማ አትፈልጊ። የሚለቅ ፈልጊ።»

ፍልሰታ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። ጎረቤታችን አራቱን ጎማ ከነቸርኬው ፈታልኝ፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩት። ግራውን ቦቲ በፌስታል ይዣለሁ። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የባጃጅ አለ፣ የሞተር ብስክሌት አለ፣ የእኔን ሲያዩ ይስቃሉ። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ባለሱቅ ግን ለፕሮጀክት ሰዎች ብሎ አምጥቶ ሳይሸጥ የቀረ ነበረው፤ ልኩም ልክ ነበር። ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ እንደ በቆሎ ፍሬ የተደረደረ። ሁለተኛው አቧራ የጠጣ፣ ጥርሱ እዚህና እዚያ የበቀለ።

«ይኼን ውሰጂ» አለኝ ቆንጆውን እየደባበሰ። «ያኛው ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ነው።»

ቦቲዬን ከፌስታሉ አውጥቼ ሶሉን ከጎማው ጋር ሳስተያይ አፉን ይዞ ቀረ። ልቤ ግን አላረፈም። ሁለቱንም እያንከባለልኩ ሱቁ ደጅ ካለው ጭቃ ውስጥ ከተትኳቸው። «ጎማ እንደ ጠላ ይቀመሳል እንዴ?» ብሎ ወጣብኝ። ይባስ ብሎ ያሸነፈው ቆንጆው ሆነ፤ ቆንጥጦ ይይዛል፣ አይንሸራተትም፣ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሽማግሌው ዝም ብሎ ሰመጠ።

እዚያ ደጅ ላይ የቆምኩትን አቋቋም አልረሳውም። ዝናቡ ከበደ፣ የሮብ ገበያ አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ፣ ድንች ሸጠን የያዝነው ብር እጄ ውስጥ ረጥቧል። ከተሳሳትኩ ፍልሰታ ያልፋል። ማሰልጠኛውም ለሁለተኛ ጊዜ አይቆየኝም። ወንድሜም ታዛው ሥር መሬቱን እየቆረቆረ ይኖራል፣ እኔም አጠገቡ። ጎንበስ ብዬ ጭቃውን በጣቴ አሸሁት። ቀይ ነው፣ አሸዋ አለበት፣ ከጣቴ ላይ ወዲያው ረገፈ። የእኛው ዋልካ እንዲህ በቀላሉ የሚላቀቅ አይደለም። ቀኝ እግሬ ያኔ የተሸከመውን ክብደት አስታወስኩ። «ሽማግሌውን ስጠኝ» አልኩት። ባለሱቁ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ከሱቁ ጎን ያለ ጎሚስታ አራቱንም ቸርኬው ላይ እስኪገጥም አውቶቡሱን በልመና አስቆምኩት።

ፍልሰታ በሚገባበት ዋዜማ ወንድሜ ሞተሩ ላይ ወጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ሜዳው ኩሬ ሆኗል። እናቴ ደጅ ቆማ ታማትባለች። ሜዳው መሀል፣ ያን ጊዜ በሬ የጎተተው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ሞተሩ አጓርቶ አዘቀዘቀ።  ጎማው ዞረ፣ ሰመጠ፣ ከዚያ ከየጥርሱ መሀል ጥቁር ጭቃ ወደ ኋላ እየተወረወረ ወጣ። ከኋላው እሮጥ ስለነበር ፊቴንም ነጠላዬንም ለቀለቀኝ። ዳገቱን ሲወጣ አልዞረም። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ስቄአለሁ፣ አልቅሼአለሁም መሰለኝ፣ በጭቃው አልለይ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በትከሻዬ ወረደ፣ በመቋሚያው ተደግፎ ገባ። ሲቀኝ እሰማው ዘንድ በሴቶቹ በር በኩል ተጠግቼ ቆምኩ። ግእዙ አልገባኝም። ሽማግሌዎቹ «ይበል፣ ይበል» ሲሉ ግን ሰማሁ። አንዱ መሪጌታ ቃሉን አስደግመው እንደገና «ይበል» አሉ። ወንድሜ ሲወጣ ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ነበር። ያን ፊት ሳይ መሄድ እንደምችል አወቅሁ።

መስከረም ሲጠባ የማሰልጠኛው ጥሪ ዳግመኛ መጣ። ቦታው ራቅ ያለ አገር ነበር። ወንድሜ ራሱ እስከ ሮብ ገበያ ላድርስሽ አለ፤ ሻንጣዬን ከፊት ብረቱ ላይ ከእግሩ ጎን አስሮ፣ እኔን ከኋላው አስቀምጦ። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ሞተሩን አላጠፋም፣ አልወረደምም። ጎንበስ ብዬ ሳምኩት።

«እኔ ከሌለሁ ከዚህ ላይ እንዴት ትወርዳለህ?» አልኩት።

«ለምጃለሁ።»

«የምርህን ነው?»

«ለምጃለሁ አልኩሽ እኮ። ግቢ፣ ሊሄድ ነው።»

ገባሁ። መስኮቱን ከፍቼ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ነፋሱን ጠጣሁት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለገና ስመጣ ሊቀበለኝ ሮብ ገበያ ድረስ መጣ። ቤት ደርሰን ሞተሩን ታዛው ሥር ሲያቆም፣ እንደ ልማዴ ወርጄ ጎኑ ቆምኩና ትከሻዬን ሰጠሁት። «ዞር በይ» አለኝ። ታዛው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። ደህናውን እግሩን እዚያ ላይ አሳርፎ፣ የማይታጠፈውን በሁለት እጁ አንሥቶ አሻገረና ብቻውን ወረደ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከፋኝ። ትከሻዬን ይዤ የምገባበት አጣሁ።

በማግስቱ እናቴ ምስር እየለቀመች ነገረችኝ። «የሄድሽ ለት እኮ» አለች፣ «ከቀትር በፊት ተመለሰና እዚህ ታዛ ሥር ሞተሩን አጥፍቶ ቁጭ አለ። ውረድ እንጂ ስለው፣ ደስ ብሎኛል ትንሽ ልቀመጥ አለኝ። ዝናቡ መጣ፣ አልወረደም። ጎረቤት ልጥራልህ ብለው ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። ከብት ሲገባ ነው እንደ ምንም ተንሸራቶ የወረደው፤ ወደቀም። ከዚያ ወዲያ ነው ይቺን ድንጋይ ያስመጣት።»

ወጣሁ። ወንድሜ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ከጎማው ጥርሶች መካከል የደረቀውን ጭቃ በእንጨት ይፈለፍላል።

«ለምጃለሁ ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት።

«ብዬሻለሁ።»

«ዋሸኸኛ።»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አልዋሸሁም። ምኑን ለመድከው ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ብትጠይቂኝ አንቺን ነበር የምልሽ።»

 መሬቱን ቃኝቼ አንድ ቁራጭ እንጨት አነሣሁና፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ሌላውን ጎማ መፈልፈል ጀመርኩ።